የቀዝቃዛ ባሕር ዛጎሎች ለምን ቀስ ብለው ያድጋሉ? ለምንስ ይሰነብታሉ?

የቀረበልኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በአይስላንድ አቅራቢያ ከባሕር የወጣ አንድ ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳ ከ500 ዓመት በላይ ኖሯል የሚል አነበብሁ። ቅዝቃዜ ምግብን ከመበላሸት እንደሚያቆይ ሁሉ እነዚህንም እንስሳት ከእርጅና የሚያቆያቸው ቅዝቃዜው ነው? ከሆነስ በዋልታ ባሕሮች የሚኖሩት ሁሉ በዝግታ አድገው እጅግ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ ማለት ነው?»

ለመጀመሪያው መልሴ «በከፊል» የሚል ነው፤ ለሁለተኛው ግን «አይደለም»። ቅዝቃዜ ዕድገትን እንደሚያዘገይ የሚጠራጠር ባለሙያ የለም። ከምድር ወገብ ተነስተን ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋን ቁጥር ባለ ሁለት ዛጎል ሞለስኮች ዕድገታቸው እየዘገየ፣ ዕድሜያቸው እየረዘመ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ ከተለያዩ የዓለም ባሕሮች የተሰበሰቡ መረጃዎችን ያነጻጸረ ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል። ሆኖም ዕድሜን የሚሰጠው ቅዝቃዜው ራሱ ቢሆን ኖሮ ከሁሉም በላይ መሰንበት የነበረባቸው ውኃው ዓመቱን ሙሉ በዜሮ ዲግሪ ዙሪያና ከዚያም በታች በሆነበት በአንታርክቲካ የሚኖሩት ናቸው። እነርሱ ግን አይደሉም። የዕድሜውን ክብረ ወሰን የያዘው እንስሳ የኖረው ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪዎች ሙቀት ባለው ውኃ ውስጥ ነው። እኔ እንደማየው ቀዝቃዛ ባሕር ረጅም ለመኖር በሩን ይከፍታል እንጂ ገፍቶ አያስገባም። በበሩ የሚገባውና የማይገባው የሚለየው እያንዳንዱ ዝርያ በሚኖርበት መንገድ ነው።

ዕድገቱን አስቀድሜ ለብቻው ልውሰደው። ዕድገትና ዕድሜ የተያያዙ ቢሆኑም አንድ ነገር አይደሉም፤ ሁለቱን መቀላቀል ብዙ ሰው ያሳስታል።

በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ፣ ማዕበል በሚመታው አሸዋ ውስጥ፣ ሲሊኳ ፓቱላ የሚባል ቀጠን ያለ፣ ረዘም ያለ ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳ ይኖራል። ከካሊፎርኒያ እስከ አላስካ ድረስ ዝርያው አንድ ነው። ዌይማውዝ የተባለ ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት ጥናት የየአካባቢውን ዛጎሎች የዕድገት መስመር ቆጥረው አነጻጸሩ። የደቡቦቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በፍጥነት ይረዝማሉ፤ ከዚያ ዕድገታቸው በድንገት ይቀንሳል፣ በ5 ዓመት አካባቢም ሕይወታቸው ያበቃል። የአላስካዎቹ በለጋነታቸው ከደቡቦቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ነገር ግን ዕድገታቸው አይቋረጥም፣ እስከ 18 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራሉ፣ በመጨረሻም ከደቡቦቹ የሚበልጥ መጠን ላይ ይደርሳሉ። ይህ ሥራ ዘጠና ዓመት ቢያልፈውም ዛሬም ለተማሪዎች በመጀመሪያ የማሳየው ምሳሌ ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥ፣ በአንድ ዳርቻ ላይ፣ ዕድገት ሲዘገይ ዕድሜ እንደሚረዝም ያሳያል፤ «ዘገምተኛ» ማለት «ትንሽ» ማለት እንዳልሆነም ያስተምራል።

በሙያችን ዕድገትን የምንገልጽበት ቀመር ሁለት ነገሮችን ይለያል። አንዱ እንስሳው በመጨረሻ ሊደርስበት የሚችለው መጠን ነው። ሌላው ወደዚያ መጠን የሚጠጋበት ፍጥነት ነው። በቀዝቃዛ ባሕር በአብዛኛው የሚቀንሰው ሁለተኛው ነው። የመጨረሻው መጠን ግን እንደ ዝርያው ሊያንስም፣ ሊበልጥም፣ ሳይለወጥ ሊቀርም ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ትልቅ ዛጎል ከቀዝቃዛ ባሕር አንስቶ «ይህ በፍጥነት ያደገ ነው» ቢል፣ ወይም ትንሽ ዛጎል አንስቶ «ይህ ገና ልጅ ነው» ቢል፣ በሁለቱም ሊሳሳት ይችላል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ሂያቴላ አርክቲካ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ፣ ያንግ ሳውንድ በተባለው የባሕር ሰርጥ፣ ርዝመቱ ከጥቂት ሴንቲሜትር የማያልፈው ይህ እንስሳ እስከ 126 ዓመት ኖሮ ተገኝቷል። በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋው ዛጎል ከያዛት ሰው አያት ትበልጣለች።

ዕድገቱን የሚያዘገየው ምንድን ነው? ሁለት ምክንያቶች አብረው ይሠራሉ፤ አንዱ ሙቀት፣ ሌላው ምግብ።

ሙቀትን በተመለከተ በጣም የምወደው ሙከራ በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የተደረገው ነው። አርክቲካ ኢስላንዲካ የተባለውን ዝርያ፣ ማለትም የ500 ዓመቱ ባለታሪክ ዝርያ የሆነውን፣ ወጣቶቹን ወስደው በቤተ ሙከራ ከ1 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ የተለያየ ውኃ ውስጥ አሳደጓቸው። በ12 ዲግሪ የነበሩት ዛጎላቸውን ያሳደጉት በ1 ዲግሪ ከነበሩት 10 እጥፍ ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። ትልቁ ልዩነት የታየውም ከ1 እስከ 6 ዲግሪ ባለው ክፍተት ነበር። የዚህን ውጤት ክብደት ለማየት አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፦ በሕያዋን አካል ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይፈጥናሉ። 10 እጥፍ ከዚህ በጣም ይርቃል። ስለዚህ «ሁሉም ነገር በብርድ ይዘገያል» የሚለው ማብራሪያ ብቻውን አይበቃም። ዕድገት ከሌሎቹ የሰውነት ሥራዎች ይልቅ በቅዝቃዜ የሚጎዳበት ተጨማሪ ምክንያት መኖር አለበት።

የብሪታኒያ አንታርክቲክ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲያጠኑት የቆየው ጉዳይ እዚህ ላይ ያግዘናል። ማደግ ማለት በመሠረቱ ፕሮቲን መሥራትና የተሠራውን ይዞ ማቆየት ነው። ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ውኃ ውስጥ ሴል ፕሮቲን የሚሠራበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከተሠራውም ውስጥ ትክክለኛ ቅርጹን ሳይዝ የሚቀረውና ተመልሶ የሚፈርሰው ክፍል ይበዛል። እንስሳው የበላውን ያህል አያድግም፤ ከሠራው ላይ ብዙውን መልሶ ያፈርሳልና። ከዚህ ጋር የዛጎሉ ወጪ ይጨመራል። ዛጎል የሚሠራበት ካልሲየም ካርቦኔት ውኃው በቀዘቀዘ መጠን ይበልጥ የሚሟሟ በመሆኑ፣ በዋልታ ባሕር ዛጎል መገንባት በሞቃት ባሕር ከመገንባት የበለጠ ድካም ይጠይቃል። አዳሙሲየም ኮልቤኪ የተባለው የአንታርክቲካ ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳ ዛጎሉ እጅግ ስስ የሆነው በከፊል በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይታሰባል። ዛጎል የሚሰብሩ ሸርጣኖች እርሱ በሚኖርበት ጥልቀት አለመኖራቸውም ስስ ዛጎል ይዞ ለመኖር ሳይፈቅድለት አልቀረም።

ምግብን በተመለከተ ደግሞ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ትልቅ ቦታ አለው ብዬ አምናለሁ። ባለ ሁለት ዛጎል ሞለስኮች አብዛኞቹ በስንጥባቸው ውኃ እያጣሩ ፋይቶፕላንክተን የሚባሉትን ጥቃቅን ዕፅዋት ይመገባሉ፤ ሌሎቹም ከላይ ወርዶ በደለሉ ላይ የተኛውን ይለቅማሉ። ፋይቶፕላንክተን ብርሃን ይፈልጋል። በዋልታ አካባቢ ክረምቱ ጨለማ ነው፣ ባሕሩም በበረዶ ይሸፈናል። የምግቡ ወቅት በዓመት ከሁለትና ከሦስት ወር ብዙም አያልፍም፤ ቀሪው ጊዜ ከጦም ብዙ አይለይም። በአንታርክቲካ ዳርቻ የውኃው ሙቀት በበጋና በክረምት መካከል ያለው ልዩነት ከጥቂት ዲግሪ አይበልጥም፤ ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ከሚጠጋው እስከ ዜሮ በላይ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። የምግቡ ልዩነት ግን ሰማይና ምድር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር እንስሳ አኗኗሩ በወቅት የተከፋፈለ ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱን በሙቀቱ ላይ ብቻ መጣል አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ዮልዲያ አይትሲ የተባለው የአንታርክቲካ ዝርያ በሲግኒ ደሴት ሲጠና ሥጋው የሚጨምርበት ወቅትና ዛጎሉ የሚረዝምበት ወቅት አንድ ሆነው አልተገኙም። ምግብ ሲበዛ ሥጋውን ያወፍራል፤ ዛጎሉን የሚያሳድገው በሌላ ጊዜ ነው። ስለዚህ «ዛጎል ረዘመ» እና «እንስሳው አደገ» የሚሉት ሁለት አባባሎች ሁልጊዜ አንድ ነገር አይናገሩም። የዕድገት መስመር እየቆጠርን ስለ እንስሳው ኑሮ የምንናገር ሰዎች ይህን ደጋግመን ልናስብበት ይገባል።

ወደ ዕድሜው ልለፍ። ጠያቂው የጠቀሱት እንስሳ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአይስላንድ በስተሰሜን፣ ከግሪምሴይ ደሴት አካባቢ፣ ከ80 ሜትር ገደማ ጥልቀት የወጣ አርክቲካ ኢስላንዲካ ነው። ለምርምር ከተሰበሰቡ በርካታ ዛጎሎች አንዱ ነበር፤ በመርከቧ ላይ ከሌሎቹ ጋር በማቀዝቀዣ ገባ፣ ያኔ ምን ያህል እንደኖረ የሚያውቅ አልነበረም። በዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ዕድሜውን 405 ዓመትና ከዚያ በላይ ብለው አስታወቁ። በተወለደበት ዘመን ቻይናን ይገዛ በነበረው ሥርወ መንግሥት ስምም «ሚንግ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው የተሻሻለ ቆጠራ ግን ዕድሜው 507 ሆነ፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1499 ነው ማለት ነው። ርዝመቱ ከ9 ሴንቲሜትር ያነሰ ነበር።

ከ405 ወደ 507 መዝለሉ ሰዎችን ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል፤ መቶ ዓመት የሚያስት ቆጠራ ምን ይታመናል ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱም የቆጠራውን አሠራር ከማወቅ ይመጣል።

ዛጎል የሚያድገው በጠርዙ ነው። እንስሳው ዕድገቱን በየዓመቱ በአንድ ወቅት ሲያቆም ወይም በጣም ሲቀንስ ቀጭን መስመር ይቀራል፤ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው የአንድ ዓመት ዕድገት ነው። በዛጎሉ ውጫዊ ገጽ ላይ የሚታዩትን ቀለበቶች መቁጠር ለወጣት እንስሳ ይሠራ ይሆናል። ለአዛውንት ግን አይሆንም። በዕድሜ መጨረሻ መስመሮቹ ተጠጋግተው በዓይን አይለዩም፤ የዛጎሉ ዕድገት በጀመረበት በጉብታው አካባቢ ያሉት የልጅነት መስመሮች በአሸዋ ተፍቀው ይጠፋሉ፤ ማዕበል፣ የአዳኝ ጥቃት ወይም እንቁላል የመጣል ድካም ደግሞ ዓመታዊ ያልሆነ ሐሰተኛ መስመር ይጥላል። ስለዚህ ዛጎሉ በሙጫ ውስጥ ይቀበራል፣ ከጉብታው እስከ ጠርዙ በአልማዝ መጋዝ ይቆረጣል፣ ይወለወላል፣ በቀጭን አሲድ ይነከራል፣ የገጹ ቅጂ በስስ ፕላስቲክ ላይ ይወሰድና በማይክሮስኮፕ ይነበባል።

መስመሮቹ በሁለት ቦታ ይነበባሉ። አንዱ ሁለቱ ዛጎሎች የሚገናኙበት ማጠፊያ ነው። እዚያ ያለው ክፍል ትንሽና የተጠበቀ ነው፤ ሙሉ የዕድሜ ታሪክ በጠባብ ቦታ ይገኝበታል። ነገር ግን ጠባብነቱ ራሱ ችግር ነው፤ በጣም አርጅቶ በነበረው በሚንግ ማጠፊያ ላይ አንዳንዶቹ መስመሮች ተጨፍልቀው ሊለዩ አልቻሉም። ሁለተኛው ቦታ የዛጎሉ ውጫዊ ንብርብር ነው፤ መስመሮቹ እዚያ ይበልጥ ይራራቃሉ። የተሻሻለው ቆጠራ የተመሠረተው በዚህኛው ላይ ነው፤ ዕድሜን ለማወቅ የሚያገለግለው ራዲዮአክቲቭ የካርቦን ዓይነት፣ የካርቦን 14 ልኬትም ከአዲሱ ቁጥር ጋር ተስማምቷል። የጠፉት ዓመታት ተጨምረው አልተፈጠሩም፤ ቀድሞ ያልተነበቡት ተነበቡ።

መስመሩ በእርግጥ ዓመታዊ መሆኑንስ እንዴት እናውቃለን? በዛጎሉ ውስጥ ያሉት ሁለት የኦክስጅን ዓይነቶች፣ የኦክስጅን 18 እና የኦክስጅን 16፣ ምጣኔ ውኃው በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይለዋወጣል። ከአንዱ መስመር እስከ ሌላው ጥቃቅን ናሙና እየፋቅን ስንለካ አንድ ሙሉ የሙቀትና የቅዝቃዜ ዑደት ካገኘን መስመሩ ዓመታዊ ነው። ሌላው ምስክር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአየር ላይ የተደረጉት የኑክሌር ሙከራዎች የተዉት ነው። በአየሩ የበዛው ካርቦን 14 ወደ ባሕር ገብቶ በዚያ ዘመን በተሠራው የዛጎል ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ ቆጠራችን ትክክል ከሆነ ጭማሪው በትክክለኛዎቹ መስመሮች ላይ መገኘት አለበት። ከሁሉም የሚያስተማምነው ግን ዛጎሎችን እርስ በርስ ማመሳከር ነው። በአንድ ባሕር የኖሩ እንስሳት መልካሙን ዓመት በሰፊ፣ ክፉውን ዓመት በጠባብ መስመር አብረው ይመዘግባሉ። የአንዱ ሰፊና ጠባብ ቅደም ተከተል ከሌላው ጋር ሲገጥም፣ በአንዱ ላይ የተዘለለ ዓመት በሌላው ላይ ይጋለጣል። በሕይወት የተያዙትን ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ከባሕር ወለል ከተለቀሙ ዛጎሎች ጋር በዚህ መንገድ በማያያዝ ከሰሜን አይስላንድ ባሕር 1,357 ዓመት የሚሸፍን ተከታታይ መዝገብ ተሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ649 እስከ 2005 ድረስ። ዓመት ሳይዘል እንዲህ ወደ ኋላ የሚሄድ የባሕር መዝገብ ከየትም በቀላሉ አይገኝም። እውነቱን ለመናገር እኔን ከሚንግ ዕድሜ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ አርክቲካ ኢስላንዲካ፣ በአጭሩ አርክቲካ፣ ለምን ይህን ያህል ይኖራል?

ይህ እንስሳ የሚኖረው በአሸዋና በጭቃ ውስጥ፣ ከወለሉ በታች ጥቂት ገባ ብሎ፣ አጭር የመተንፈሻና የመመገቢያ ቱቦውን ወደ ውኃው አውጥቶ ነው። አልፎ አልፎ ዛጎሉን ይዘጋና ወደ ታች ይቀበራል፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሁለት ሳምንት በላይ እዚያው ይቆያል። በዚህ ጊዜ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ የሰውነቱ ሥራም ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ይወርዳል፤ ኦክስጅን በሌለበት ሁኔታ የሚያወጣው ኃይል ከተለመደው ወደ 1 በመቶ ገደማ ሊወርድ እንደሚችል ተለክቷል። አዳኝም ሳያባርረው፣ ውኃውም ሳይበላሽ እንዲህ ማድረጉ ልማዱ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የሴሎቹ ሽፋን የተሠራበት ስብ በኦክስጅን በቀላሉ የማይጎዳ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። ሴል ሲከፋፈል በብዙ እንስሳት የሚያጥሩት የክሮሞሶም ጫፎችም በዚህ ዝርያ ከዕድሜ ጋር ሲያጥሩ አልታየም። ሰውነቱ በዝግታ ያወጣል፣ ያወጣውም ብዙ አያበላሽበትም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ያለው አንድ ዝርያ በሁሉም ቦታ 500 ዓመት አይኖርም። ጠያቂው እንዲያስተውሉት የምፈልገው ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። በባልቲክ ባሕር ምዕራባዊ ክፍል፣ ጨዉ አነስተኛና ተለዋዋጭ በሆነበት ውኃ፣ አርክቲካ ጥቂት አሥርት ዓመታት ብቻ ነው የሚኖረው። በሰሜን ሩሲያ ባለው ነጭ ባሕር፣ ክረምቱ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነበት፣ ከተጠኑት ውስጥ አንጋፋዎቹ 50 ዓመት ገደማ ናቸው። በብሪታኒያና በአውሮፓ ዋና ምድር መካከል ባለው በሰሜን ባሕር ደቡባዊ ክፍል፣ ውኃው ከነጭ ባሕር ይልቅ ሞቃት ሆኖ ሳለ፣ እስከ 150 ዓመት ይደርሳሉ። ቅዝቃዜ ብቻውን ወሳኝ ቢሆን ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ ነበረበት። ነጭ ባሕር ከሰሜን ባሕር ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ጨዉ ያነሰ ነው፣ በበጋና በክረምት መካከል ያለው ልዩነትም ሰፊ ነው። የጨው መጠን በተለዋወጠ ቁጥር እንስሳው በሰውነቱ ውስጥ ያለውን ሚዛን ለመጠበቅ ኃይል ያወጣል። ስለዚህ እኔ ዕድሜን የሚያረዝመው የማይለዋወጥ፣ ጸጥ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ነው እላለሁ፤ ከሦስቱም «የማይለዋወጥ» የሚለውን አስበልጣለሁ።

የአንታርክቲካዎቹም ይህንኑ ያጠናክራሉ። ላተርኑላ ኤሊፕቲካ በአህጉሩ ዙሪያ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ በብዛት የሚገኝ፣ እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚደርስ፣ በደለል ውስጥ ተቀብሮ ረጅምና ወፍራም ቱቦ ወደ ላይ የሚዘረጋ እንስሳ ነው። ከአርክቲካ ይልቅ በቀዘቀዘ ውኃ ይኖራል፤ የተመዘገበለት ረጅሙ ዕድሜ ግን 36 ዓመት ገደማ ነው። ከእርሱ በመጠን በጣም የሚያንሰው ዮልዲያ አይትሲ ከ50 ዓመት በላይ ይኖራል። አንድ ባሕር፣ አንድ ቅዝቃዜ፣ የተለያየ ዕድሜ። ላተርኑላ ከመጀመሪያው ፈጠን ብሎ ያድጋል፣ ብዙ ውኃ ያጣራል፣ ቱቦውም ትልቅ የሥጋ ሸክም ነው። ዮልዲያ በትንሽ ዛጎል ውስጥ በትንሽ ወጪ ይኖራል። በዚያ ላይ ተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች ጥልቀት የሌለውን ወለል እየፋቁ ያለፉበትን ሁሉ ይደመስሳሉ፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ማርጀት ቢችሉም የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው።

ሞቃት ባሕር ውስጥ ሁሉም በልጅነቱ ይሞታል ብሎ ማሰብም ልክ አይደለም። በኮራል ሪፎች ላይ የሚኖረው ትሪዳክና የተባለው ግዙፍ ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዳርቻ፣ ዋልታ ባልሆነ መካከለኛ ሙቀት ባለው ባሕር፣ በደለል ውስጥ እስከ አንድ ሜትር ጠልቆ የሚቀበረው ፓኖፔያ ጄኔሮሳ 168 ዓመት የሞላው ተገኝቷል። እነዚህን የሚያመሳስላቸው ካደጉ በኋላ ሊበላቸው የሚችል አዳኝ ማጣታቸው ነው፤ አንዱ በግዙፍነቱ፣ ሌላው በጥልቀቱ ይጠበቃል። ሞት ዘወትር በር ላይ የቆመበት ዝርያ ቶሎ አድጎ፣ ቶሎ ተራብቶ ማለፍ ይበጀዋል፤ ሰውነቱን ለመቶ ዓመት እንዲያገለግል አድርጎ መሥራት ለእርሱ ከንቱ ወጪ ነው። በደህና ተቀብሮ ለሚኖር ግን ያ ወጪ ይመለሳል። በተለይ እጮቹ በአብዛኛዎቹ ዓመታት የሚያልቁበት፣ የተሳካ ትውልድ በብዙ ዓመታት አንዴ የሚገኝበት ዝርያ ደግሞ መልካሙን ዓመት እስኪያገኝ መሰንበት አለበት።

ስለዚህ ጠያቂው ያነሱት የማቆያ ሐሳብ የሚጎድለው ይህ ነው፦ የቀዘቀዘ ምግብ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ እነዚህ እንስሳት ግን በየዕለቱ ራሳቸውን እየጠገኑ ነው የሚኖሩት። ቅዝቃዜው የሚያግዛቸው የጥገናውን ሥራ በማቅለል ነው።

ጥያቄው በቀጥታ ባይነካውም ሙቀት ሲጨምር ምን ይሆናል የሚለውን መንካት ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ አብሮ ይነሳልና። በዋልታ ባሕር የሚኖሩት ለረጅም ዘመን የለመዱት ጠባብ የሙቀት ክልል ነው። በሙከራ ላተርኑላ ከደለሉ ሲወጣ መልሶ መቀበር የሚሳነው ውኃው ገና 5 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ግማሾቹ በ2 እና በ3 ዲግሪ መካከል ያቅታቸዋል። አዳሙሲየም ዛጎሉን እያጨበጨበ መዋኘት የሚያቆመው በ2 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ለሌሎች እንስሳት እጅግ ቀዝቃዛ የሚባል ውኃ ነው። «ሙቀቱ ሲጨምር ዕድገታቸው ይፈጥናል፣ ይጠቀማሉ» የሚል ሐሳብ ሲነሳ እሰማለሁ። ከዚህ በላይ በጠቀስሁት የኔዘርላንድስ ሙከራ እንደታየው ለአርክቲካ ወጣቶች በተወሰነ ክልል ውስጥ እውነት ነው። ለአንታርክቲካዎቹ ግን የሙቀት ጭማሪው ዕድገታቸውን ከማፍጠኑ በፊት መቀበርና መሸሽን ይነጥቃቸዋል።

በተግባር ይህ ዕውቀት በይበልጥ የሚያስፈልገው በዓሣ ሀብት አስተዳደር ላይ ነው። አርክቲካ በአትላንቲክ ሁለቱም ዳርቻዎች ለምግብ ይሰበሰባል፤ ወለሉን በሚያርስ ከባድ መሣሪያ ነው የሚወጣው። በመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት ገደማ ደህና ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ በዓመት የሚጨምረው ከአንድ ሚሊሜትር በታች፣ በእርጅናም ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በታች ነው። በዚህ ምክንያት 8 ሴንቲሜትር የሆነ ዛጎል 50 ዓመትም፣ 200 ዓመትም ሊሆን ይችላል። «ከዚህ መጠን በታች ያለ አይነሳ» የሚል ደንብ ፈጥነው ለሚያድጉ ዝርያዎች ጥሩ ነው፤ ለዚህኛው ግን የተነሳውን ትውልድ የሚተካው መቼ እንደሚደርስ ምንም አይነግረንም። የሚሰበሰብበት አካባቢ ካለ ከእያንዳንዱ የባሕር ወለል ክፍል ናሙና ወስዶ፣ ዛጎሉን ቆርጦ፣ መስመሩን መቁጠርና የሚፈቀደውን መጠን በዚያ ላይ መወሰን ያስፈልጋል። ሥራው አድካሚ ነው፣ ግን ሊሠራ የሚችል ነው።